ሰባተኛው ቤት

ከበሮዬ የተቀደደው ሐምሌ ሊወጣ አራት ቀን ሲቀረው ነው። የእኔ ብቻ አይደለም። ከበሮ ወጣሪው ይመር በረንዳው ላይ ለማድረቅ የሰቀላቸው አምስት ከበሮዎች አንድ ሳይቀሩ በምላጭ ተቀድደው አደሩ።

ጠዋት ስደርስ ደረጃው ላይ ተቀምጦ የአንዱን ቆዳ በጣቱ ይዳስስ ነበር። ቀና ብሎ አላየኝም።

«ማን ነው?» አልኩት።

«ምላጭ ነው።»

«ቀልድ አሁን አያስፈልገኝም።»

«አልቀለድኩም። ምላጩን ጥሎልኝ ሄዷል። ስሙን ነው ያልተወልኝ።»

ስሙን ሁለታችንም እናውቀው ነበር። የሰፈራችን ልጅ ደረሰ ሁለት ዓመት ከተማ ቆይቶ ሲመለስ ስልኩን በስብከት ሞልቶ መጣ። ሳምንቱን ሙሉ አንድ ጥያቄ ይዞ በየማኅበሩ ሲዞር ከረመ፤ «ለመሆኑ የልጆቻችሁ ከበሮ የተወጠረው የማን ቢላዋ ባረደው ቆዳ ነው?»

ጥያቄው አዲስ አልነበረም፤ መልሱም ያረጀ ነው። የይመር አባት ሼህ እንድሪስ፣ ከእሳቸውም በፊት አባታቸው፣ ለሰቆጣ ሴት ልጆች የሻደይን ከበሮ ሲወጥሩ የኖሩት ባለቤቱ በሚያመጣው ቆዳ ነው። ክርስቲያን ያረደው በአንድ ጋን ይነከራል፣ እስላም ያረደው በሌላ ጋን። ሁለቱን ጋኖች በግቢው ሁለት ጥግ ተቀምጠው እያየን ነው ያደግነው። ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አልፈረመበትም፣ ሥራው ግን ይሄድ ነበር። ነሐሴ አሥራ ስድስት ሲደርስ ሴቶቹ ወገባችን ላይ ለምለሙን የሻደይ ሣር አስረን ከበሮ እየመታን በየቤቱ እንዞራለን፤ የቄሱም ቤት የሼሁም ቤት እንገባለን። የእስላም ልጆችም አብረውን ይጨፍራሉ። ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ዘንድሮ ግን በእነሱም በኩል አንድ ወጣት ኡስታዝ መጥቶ ለክርስቲያን ጭፈራ ከበሮ መሥራት ሐራም ነው ማለት ጀምሯል።

«አንዱ ቆዳዬን ረክሷል ይለኛል፣ አንዱ እጄን» አለኝ ይመር። «መሐል ላይ የቀረሁት እኔ ነኝ። የት ልግባ?»

መልስ ሳይኖረኝ ስቀር እቆጣለሁ። «ተነሣና እንስፋው» አልኩት።

«ቆዳ ጨርቅ አይደለም፣ ዓይናዲስ።»

ከሁለት ዓመት በፊት የተቀራረብነውም በእንዲህ ያለ ንግግር ነው። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ በመጣሁበት ክረምት ከበሮዬን ላስወጥር ሰጥቼው በቀጠሮው ሄድኩ፤ አልደረሰም። ነገ ብሎኝ ነገ ሄድኩ፤ አልደረሰም። በሦስተኛው ቀን ደጁ ላይ ቆሜ ስለ ሰዓት ማክበር ስናገር እስክጨርስ አዳመጠኝና «ቆዳ እንደ አንቺ አይቸኩልም፤ ካጣደፉት ድምፁ ይሞታል» አለኝ። ከዚያ ዓይኑን ወደ ሥራው መለሰ። እኔ ግን የምሄድበት እግር አጣሁ። ያ ከበሮ በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ተጠገነ። እናቴ የሺመቤት «ምን አድርገሽው ነው፣ በድንጋይ ነው እንዴ የምትመቺው?» እስክትለኝ ድረስ።

አባቴ ቄስ ይሄይስ ናቸው። የይመር አባት ሼህ ናቸው። ስለዚህ የምንገናኘው ከበሮ መሐላችን አድርገን፣ ደጁ ተከፍቶ፣ የሚያልፍ ሁሉ እያየን ነበር። ጎን ለጎን ተቀምጠን አናውቅም። እሱ መደቡ ላይ፣ እኔ ደፉ ላይ። ግን ወስነን ነበር። ከሻደይ በኋላ ሽማግሌ ይልካል፤ ማዘጋጃ ቤት እንፈራረማለን፤ እኔም በማተቤ እሱም በሶላቱ እንኖራለን። ቀላል ይመስለኝ ነበር። እኔ ብዙ ነገር ቀላል ይመስለኛል።

ከበሮዎቹ በተቀደዱበት ቀን እኩለ ቀን ላይ የእስላም ወጣቶች ወደ ደረሰ ቤት ወረዱ። ሼህ እንድሪስ ሊመልሷቸው በመሐል ሲገቡ ከየት እንደተወረወረ ያልታወቀ ድንጋይ ግንባራቸውን መታቸው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሞቱ ተባለ። አልሞቱም፤ ስምንት ቦታ ተሰፍተው ከሐኪም ቤት ወጡ። ወሬው ግን ከእሳቸው ቀድሞ ሁሉም ቤት ገብቶ ነበር። ሱቆች ተዘጉ። ባጃጆች ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው መሻገር ተዉ። መሣሪያ ያለው መሣሪያውን ይዞ ደጁ ላይ ተቀመጠ። አንድ ሰው ቢወድቅ የሚከተለውን ሁሉም ያውቃል፤ ለዚህም ነው ማንም ጮክ ብሎ የማይናገረው።

በሦስተኛው ቀን አያ ምንይሉ አስጠሩኝ።

አያ ምንይሉ የትውልድ ቆጣሪ ናቸው። በሰቆጣና በዙሪያው ማንም ሲጋባ መጀመሪያ ወደ እሳቸው ይኬዳል፤ ልጁና ልጅቷ ከሰባት ቤት ወዲህ እንዳይገናኙ ይቆጥራሉ። ሰባተኛው ቤት ገና ሥጋ ነው፣ ስምንተኛው ባዳ ነው ይባላል። ከሁለቱ ወገን አንዱ እንኳ ሰባትን ሳያልፍ ከቀረ ጋብቻው የለም። ለመመረቂያ ጽሑፌ አንድ ክረምት ሙሉ አጠገባቸው ተቀምጬ የሃያ ቤተሰብ ቆጠራ በደብተር አስፍሬያለሁ። ያኔ ዓይናቸው ያይ ነበር። አሁን ዓይናቸውም ሄዷል፣ ስሞቹም አልፎ አልፎ ይሰወሩባቸዋል።

«ደብተርሽን ይዘሻል?» አሉኝ።

«ይዣለሁ፣ አያ።»

«ነገ እርቅ እንቀመጣለን። ሰው ‹ይቅር በል› ስላሉት ይቅር አይልም፤ ደሙ መሆኑን ሲያውቅ ግን እጁ ይዝላል። የሼሁ ቤትና ያባትሽ ቤት ይግዛው ላይ ይገናኛሉ። ይግዛው ሁለት ልጅ ነበረው። ንጉሤ እዚሁ አርሶ ቀረ። ታናሹ ከጨው ነጋዴ ጋር ወርዶ እስላም ሆኖ ተመለሰ፤ አባቱ ግን መሬቱን እኩል ከፈለው። ይህን ነው ነገ የምቆጥረው። እስቲ አንብቢልኝ።»

ደብተሩን ገለጥኩ። ሁለቱን ቤቶች የጻፍኳቸው በተለያየ ገጽ፣ በተለያየ ወር ስለነበር አስተያይቼያቸው አላውቅም። ከሼህ እንድሪስ ተነሥቼ ወደ ላይ ቆጠርኩ። ይግዛው ስምንተኛ ነው። ከአባቴ ተነሥቼ ቆጠርኩ። ሰባተኛ።

ደግሜ ቆጠርኩ። ሰባተኛ።

«ምን ዝም አልሽ?» አሉኝ።

«ፊደሌ ደብዝዞ ነው።»

በማግስቱ ከወይራው ሥር ተቀመጥን። በአንድ በኩል ቄሶቹ፣ በሌላው በኩል ሼሆቹ፣ ከየወገኑ ኋላ ወጣቶቹ ቆመው ነበር። ደረሰ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ኡስታዙም ቆሟል። ሼህ እንድሪስ ግንባራቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል፤ ይመር ከኋላቸው። ከሴት እኔ ብቻ ነኝ፣ ከአያ ምንይሉ ጎን፣ ደብተሬን ጭኔ ላይ አድርጌ።

አያ ምንይሉ ሲጀምሩ እንደ ልማዳቸው በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ መርቀው ወደ አማርኛ ተሻገሩ። በቅድሚያ የሼሁን ቤት ቆጠሩ፤ አንድም ስም አልሳቱም። ይግዛው ላይ ሲደርሱ በእስላሞቹ በኩል ጉምጉምታ ተነሣ። ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ።

«ይሄይስ የዘመነ። ዘመነ የብርሃን። ብርሃን የካሤ። ካሤ የይርዳው። ይርዳው…»

ቆሙ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ከወጣቶቹ መሐል አንዱ ሳቅ አለ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ይርዳው የማን ነው?»

ደብተሩ ላይ የተጻፈው «የንጉሤ» የሚል ነው። እያየሁት ነበር። ይመርን ቀና ብዬ አላየሁትም፤ ግን የት እንደቆመ አውቅ ነበር።

«የፈንታ» አልኩ።

«የፈንታ?»

«ፈንታ ደግሞ የንጉሤ። ንጉሤ የይግዛው።»

አያ ምንይሉ የማያይ ዓይናቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «እንግዲህ ከተጻፈ ተጽፏል» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ስምንትና ስምንት። የአንድ አባት ልጆች ናችሁ። ተነሡና እርስ በርሳችሁ ተያዩ» አሉ።

አባቴ ተነሥተው ሄዱና ከሼህ እንድሪስ ፊት ቆሙ። ሁለቱ ሽማግሎች ትከሻ ለትከሻ ሲሳሳሙ ኋላ የቆሙት ወጣቶች ወዴት እንደሚያዩ ጠፋባቸው። ደረሰ ወደፊት ተገፍቶ ወጣ። የሼሁን ጉልበት ሲስም ማንም አላጨበጨበም። ከሰዓት በኋላ ሱቆች ተከፈቱ።

ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ ጥለውኝ ቀደሙ።

«አሁን ነው ሽማግሌ መላክ ያለብህ» አልኩት ይመርን በማግስቱ። አዲስ ቆዳ እየወጠረ ነበር።

«ፍልሰታ ሊገባ ነው። ጾማችሁን ጨርሱ።»

«ነገሩ ሳይበርድ ነው። ትናንት በሰው ፊት አባትህን ‹ወንድሜ› ያለ ሰው ዛሬ ልጁን ብትጠይቀው እንዴት እንቢ ይልሃል?»

ጠፍሩን ሳበና ቆመ። «ቸኮልሽ።»

«ሁለት ዓመት ችኮላ ነው?»

ሳቅ አለ። ሲስቅ የግራ ዓይኑ ቀድሞ ይጠባል። «እሺ» አለኝ፤ «ከአንቺ ጋር የተከራከረ የት ደርሷል።»

የፈንታን ነገር አልነገርኩትም። ለእነሱ እኮ ሰባተኛውም ሦስተኛውም ቤት አይከለክልም፤ የዋሸሁት ለእኛ ሕግ ነው። እንዲህ እያልኩ ራሴን አሳመንኩ።

ፍልሰታ ነሐሴ አንድ ገባ። ቅዳሴው በየቀኑ ከሰዓት ነው። አባቴ ጾሙን ሙሉ የሚቀድሱ ሰው ናቸው። ዘንድሮ ግን በመጀመሪያው ቀን ወደ መቅደስ አልገቡም። በሁለተኛውም። በየቀኑ ይሄዳሉ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ይቆማሉ፣ ምግብ ቀምሶ እንደመጣ ሰው ከውጭ ያስቀድሳሉ። ሌሎቹ ካህናት አሟቸዋል አሉ። እናቴ የነጭ ሽንኩርት ውሃ አፈላችላቸው። እኔ ግን በስድስተኛው ቀን ጠረጠርኩ።

ከግቢው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አባ፣ ለምን አይቀድሱም?»

«ለሙታን በምጸልይበት ሁሉ አባቶቼን በስም እጠራለሁ፣ ልጄ። ሠላሳ ዓመት ጠርቻቸዋለሁ። ፈንታ የሚባል የለም።»

ከፊታቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«ያኔ ዝም ያልኩት» አሉ፣ «አንዱ ስም ሐሰት ነው ብል ቆጠራው በሙሉ ሐሰት ነው ይላሉ ብዬ ነው። ወጣቶቹ ምክንያት ይፈልጋሉ። ዝም አልኩ። እንግዲህ ሐሰት ነገር አጽድቄ መሠዊያ ፊት አልቆምም።»

«ለምን እንዳደረግኩት ያውቃሉ?»

«ከበሮ አራት ጊዜ ሲጠገን እናትሽ ብትሞኝ እኔም የምሞኝ መሰለሽ?» ፈገግ ያሉ መሰለኝ፤ ወዲያው ግን ጠፋ። «ሽማግሌ ሊልክ ነው አሉ። ምን እንድላቸው ትፈልጊያለሽ? ሃይማኖቷ አይፈቅድም ብል ‹የዚያን ቀን ወንድማማችነት ለአፍ ነበር› ይላል አገሩ። ቆጠራው አይፈቅድም ብል አንቺን በአደባባይ ዋሾ ማድረጌ ነው። እሺ ብል ሥጋዬን ለሥጋዬ መዳሬ ነው። ተምረሻል፤ አንዱን ምረጪልኝ።»

ቁጣ አልነበረባቸውም። ቁጣ ቢኖርባቸው እከራከር ነበር።

ይመርን ያገኘሁት በማግስቱ ነው። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። ሥራውን አቁሞ ሰማኝ።

«ስለዚህ ዘመድሽ ነኝ» አለኝ።

«በሰባተኛው።»

«በእኛ በኩል ምንም አይደለም። ይህን ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። ና እንሂድ ወልድያ። ነገ አውቶቡስ አለ። እዚያ ማን ይቆጥራል?»

ከምሬ ነበር። ይመርም ከልቤ መሆኑን ስላወቀ ረጅም ጊዜ አየኝ፤ ያን ያህል አይቶኝ አያውቅም።

«አባትሽ ዝናብ ላይ ቆመው ያስቀድሳሉ» አለ በመጨረሻ። «ትናንት በዚያ ሳልፍ አየኋቸው። የታመሙ መስሎኝ ነበር።» ጠፍሩን መሬት ላይ አስቀመጠው። «አንድ ሰው የጸሎት ቤቱን ያሳጣሁት እኔ ከሆንኩ፣ ዓይናዲስ፣ ከደረሰ በምን እሻላለሁ? እሱ የቀደደው ቆዳ ነው።»

«እኔስ?»

ጠፍሩን መልሶ አነሣው። እኔም ተነሥቼ ሄድኩ።

ሽማግሎቹ ቀጠሮ የተያዘላቸው ነሐሴ አሥራ አንድ ነበር። ይመር እንዳይመጡ መከልከል ይችል ነበር፤ አልከለከለም። ውሳኔውን ለእኔ ተወው። ሦስት ሆነው መጡ፣ አያ ምንይሉ በመሐል እየተመሩ። ልማዱ እንደሚያዘው ደጅ ቆመው ቆዩ፣ ግቡ እስኪባሉ አልተቀመጡም። ልጅቷ በዚያ ሰዓት ከጓዳ ነው የምትሆነው። እኔም ጓዳ ነበርኩ፣ ከመጋረጃው ኋላ።

«ቄስ ይሄይስ» አሉ አያ ምንይሉ፣ «የመጣንበትን ታውቃለህ። ቆጠራው ንጹሕ ነው፣ በራሴ አፍ ቆጥሬዋለሁ። ሃይማኖታቸውን ሁለቱም ይዘው በክብር መዝገብ ይፈራረማሉ። አገር በእናንተ ታርቋል፤ በልጆቹ ደግሞ ይጽና።»

አባቴ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። አንዱ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። አባቴ ሊናገሩ ትንፋሽ ሲስቡ ሰማሁ፤ ምን ሊሉ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ጠይቄያቸውም አላውቅም።

መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ።

«አያ፣ ፈንታ የሚባል ሰው የለም» አልኩ። «ይርዳው የንጉሤ ልጅ ነው። ደብተሩ ላይም እንዲያ ነው የተጻፈው። እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

እናቴ ከኋላዬ «ወይኔ» ስትል ሰማሁ። አያ ምንይሉ አልደነገጡም። እጃቸውን ዘርግተው ትከሻዬን ፈለጉ፤ ቀረብኩላቸው።

«እርቁ እንዳይፈርስ ብለሽ ነው?»

«አይደለም። ሰባተኛ ቢሆን ይበልጥ ይቀራረባሉ እንጂ አይራራቁም። ለእርቁ ብዬ አይደለም።»

«እንግዲያ ለራስሽ ነው።»

«ለራሴ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያማ በሰባተኛው ቤት እኔ ጋብቻ አልቆጥርም» አሉ፣ ዱላቸውን ይዘው እየተነሡ። «ስሙ ግን ያምር ነበር። ሰምቼው አላውቅም፤ ቆጠራው ተሟላልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።» ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ወደ አባቴ ዞሩ። «ለሼሁ ቤት ሰባትና ስምንት ብዬ አስተካክዬ እነግራለሁ። ከቀድሞው ይልቅ ቀርባችኋል፤ ማንም አይከፋበትም።»

ማንም አልተከፋበትም።

በዚያ ዕለት ከሰዓት አባቴ ለንስሓ አባታቸው ተናዝዘው መቅደስ ገቡ። ድምፃቸውን ከውጭ ሆኜ ሰማሁት። ዛፉ ሥር የቆምኩት እኔ ነበርኩ።

ሻደይ ነሐሴ አሥራ ስድስት ገባ። ከእስላም ልጆች ግማሾቹ መጡ፣ ግማሾቹ ቀሩ። የቀሩት ለምን እንደቀሩ ጠይቀን አልጨረስንም፤ ኡስታዙ ዛሬም ሰቆጣ ነው፣ የደረሰም ስልክ አልጠፋም። የሼህ እንድሪስ ቤት ገብተን ጨፈርን። ሼሁ ግንባራቸው ላይ ጠባሳ እንደያዙ መርቀው ሸለሙን። የዘንድሮው ጭፈራ ከአምናው ያንሳል ወይስ ይበልጣል ብላችሁ ብትጠይቁኝ ያንሳል እላለሁ። ግን አለ።

በማግስቱ እናቴ የሼህ እንድሪስን ቤተሰብ ጠራች። አሁን ዘመዶቿ ናቸው። ሼህ እንድሪስ ራሳቸው ያረዱት በግ በሌላ ድስት ተሠርቶ፣ በሌላ ትሪ ቀርቦ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች በአንድ ክፍል ተቀመጡ። ይመር ነጭ ለብሶ ነበር የመጣው። ደፉ ላይ ቆሞ የሚቀመጥበትን ሲፈልግ እናቴ አየችው።

«ይመር፣ ና እዚህ» አለችው፣ «ከእህትህ ጎን ቦታ አለ።»

መጥቶ ተቀመጠ። ክንዱ ክንዴን ነካው። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ከተማ ውስጥ ጎን ለጎን የምንቀመጥበት አንድ ቦታ ፈልገን አጥተናል። አሁን ሠላሳ ሰው ባለበት ቤት ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ነን፣ ዞሮ ያየን የለም።

«እህቴ ልበልሽ መሰለኝ» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ሞክረው።»

ሞከረ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«አይወጣም» አለ።

«እንግዲያ ዝም በል።»

ትሪያችን ሁለት ስለሆነ እሱ ከራሱ፣ እኔ ከራሴ ቆረስን። እናቴ ወጥ ልትጨምር ስታልፍ ቆም ብላ ሁለታችንንም አየችን፣ አንዴ እሱን አንዴ እኔን።

«እንዴት ያምራሉ» አለች ለጎረቤቷ፣ «እውነትም ወንድምና እህት ይመስላሉ።»